ብቻውን በቢሲክሌት ሩቅ መንገድ ስለሚጀምር ሰው

ሩቅ መንገድ መሄድ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው ከሲራራው ጋር፣ የቆሎ ተማሪው በአኮፋዳው፣ ወታደሩ በዘመቻ፣ ተሳላሚውም በስእለት ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ኖሯል። አዲስ የሚሆነው ሰው ያለ ጓደኛና ያለ አጋሰስ፣ በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ በገዛ ጉልበቱ ብቻ ከአውራጃ ወደ አውራጃ፣ ከመንግሥትም ወደ መንግሥት ለመሻገር መነሣቱ ነው። ይህ ዐይነት ጉዞ በዓለም ላይ ከተጀመረ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛም አገር ከአዲስ አበባ ወጥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው፣ ከዚያም በአጣዬና በከሚሴ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳና፣ ለቢሲክሌት መንገደኛ ታላቅ ፈተናም ታላቅ ትምህርትም የሚሰጥ መንገድ ነው።

ይህ ጉዳይ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የሚነሣበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጁ ሲነሣ እናትና አባት ቤት ቁጭ ብለው ያስባሉ፤ ሲመሽበት የማያውቀውን ሰው ደጅ ይመታል፤ በቀንም በየመንደሩ የሚቀበሉት የእኛው ልጆች ናቸው። ስለዚህ መነሻውም፣ ማደሪያውም፣ መንገዱም በቤተ ሰብ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ይልቁንም ሩቅ መንገድ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው በፊተኞቹ ጥቂት ቀኖች ስለ ሆነ፣ እነዚያን ቀኖች በሚገባ ማወቅ ለሚሄደውም ለሚቀረውም ይጠቅማል።

ዳኛ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ እኔም ነገሩን ለማስረዳት ሦስት ምስክሮች እጠራለሁ። ዘመኑን የምቈጥረው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በሚያዝያ ወር 1876 ዓ.ም. በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ካለችው ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ። የዚያን ጊዜ ቢሲክሌት እንደ ዛሬው አልነበረም። የፊተኛው ጎማ ቁመቱ ወደ 127 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ የኋለኛው ግን ትንሽ ነበረ፤ ነጂውም ከላይ ተሰቅሎ ስለሚቀመጥ ድንጋይ ቢያደናቅፈው በአናቱ ይተከል ነበር። ጓዙ ካልሲ፣ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ድንኳንም አልጋም የሚሆን የዝናብ ካፖርትና አንድ ሽጉጥ ነበረ። ጉዞውን በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሴራ ኔቫዳ ከተባለው ተራራ ደረሰ። በዚያም የባቡር ሐዲድ ከበረዶ እንዲጠበቅ በእንጨት በተሠራ ረጅም ዳስ ውስጥ ገብቶ፣ ቢሲክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሄደ፤ ባቡር ሲመጣበትም ከግድግዳው ተለጥፎ ያሳልፍ ነበር። በሐምሌ ወር ቦስተን ሲገባ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ከሲሶ የሚበልጠውን የሄደው በእግሩ ነው። በኋላም አውሮፓንና እስያን አቋርጦ በታኅሣሥ ወር 1879 ዓ.ም. በጃፓን ጉዞውን ፈጸመና፣ ዓለምን በቢሲክሌት የዞረ የመጀመሪያው ሰው ተባለ። እንግዲህ ዓለምን የዞረ ሰው ዳገት ላይ ወርዶ ከገፋ፣ የእኛ ልጅ ጣርማ በር ላይ ወርዶ ቢገፋ ምን ነውር አለበት?

ሁለተኛዋ ምስክር ደርቭላ መርፊ የተባለች የአየርላንድ ሴት ናት። ዐሥር ዓመት ሲሞላት ቢሲክሌትና የዓለም ካርታ መጽሐፍ ተሰጣት፤ እርሷም ያን ጊዜ በቢሲክሌት ሕንድ አገር እሄዳለሁ ብላ በልቧ ቈረጠች። ነገር ግን እናቷ በሽተኛ ስለ ነበሩ፣ በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ትታ እርሳቸውን ማስታመም ጀመረች። አባቷ በ1953፣ እናቷም በ1954 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚህ በኋላ በጥር ወር 1955 ዓ.ም. የ31 ዓመት ሴት ሆና ብቻዋን ተነሣች። የቢሲክሌቷን ማርሽ በእስያ ሻካራ መንገድ ይሰበራል ብላ አስቀድማ አስወለቀችው፤ መለዋወጫ ጎማም በመንገዷ ላይ ወዳሉ ከተሞች አስቀድማ ላከች። ያ ክረምት በአውሮፓ በብዙ ዓመት ውስጥ ያልታየ ብርድ የወረደበት ስለ ነበረ፣ የፊተኞቹ ሳምንታት ከበረዶ ጋር የመታገል ሳምንታት ሆኑባት። ቢሆንም በሐምሌ ወር ዴልሂ ገባች። ይህች ሴት ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ በ1959 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ከምጽዋ እስከ አዲስ አበባ በእግሯ፣ ጓዟን በበቅሎ አስጭና ተጉዛለች፤ ስለዚሁም መጽሐፍ ጽፋለች። ያረፈችው በ2014 ዓ.ም. ነው። ከእርሷ የምንማረው ሐሳብን ከ20 ዓመት በላይ ይዞ መቆየት እንደሚቻል፣ ለወላጅ የሚገባውን ፈጽሞ መነሣትም መንገዱን እንደማያሳጥረው ነው።

ሦስተኛው ምስክር አላስቴር ሃምፍሪስ የሚባል የዘመናችን እንግሊዛዊ ነው። በነሐሴ ወር 1993 ዓ.ም. ከወላጆቹ ቤት ተነሥቶ ዓለምን ለመዞር ወጣ። ሐሳቡ በእስያ በኩል ለመሄድ ነበረ። ነገር ግን መንገድ በጀመረ በሁለት ሳምንት ግድም፣ እኛ የ1994ን ዘመን መለወጫ በምናከብርበት ቀን፣ በአሜሪካ ታላቁ የሽብር አደጋ ደረሰ፤ በአፍጋኒስታንም ጦርነት ተነሣ። እርሱም ያሰበውን መንገድ ትቶ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አፍሪካ ዞረ፤ ኢትዮጵያንም አቋርጦ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ድረስ ወረደ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ወደ 74,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ በ1998 ዓ.ም. ቤቱ ገባ። በፊተኞቹ ቀኖች እመለሳለሁ አልመለስም እያለ ከራሱ ጋር ይሟገት እንደ ነበረ ራሱ ጽፏል። መንገዱን መለወጥ ከመንገዱ መቅረት እንዳልሆነ የዚህ ሰው ታሪክ ያስረዳል።

አሁን ወደ ራሳችን ጎዳና እንመለስ። ከአዲስ አበባ እስከ አጣዬ ያለው ርቀት ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው በቀን ገብቶ ያድራል፤ ስለዚህም ወጣቱ በቢሲክሌት በሁለት ቀን እደርሳለሁ ብሎ ይነሣል። የሠለጠነ ተወዳዳሪ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለች ጊዜ፣ ቢሲክሌተኞቻችን በአንድ ቀን የተወዳደሩበት መንገድ 187 ኪሎ ሜትር የሚያህል ነበረ። ነገር ግን ተወዳዳሪ ጭነት የለበትም፤ ውድድሩም ሲያልቅ ያርፋል። የሩቅ መንገደኛ ግን ዛሬ የነዳውን ያህል ነገም ከነገ ወዲያም ሊነዳ የወጣ ሰው ነው። ጉልበቱን እንደ ባለ ጠጋ ሳይሆን እንደ ቈጣቢ ቤተ ሰብ ሊያወጣው ይገባል። ስለዚህ ለጀማሪ ይህ መንገድ በአምስት ቀን ቢከፈል መልካም ነው።

በመጀመሪያው ቀን በሰንዳፋ በኩል አልፎ ሸኖ ላይ ማደር ነው፤ ይህም 80 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። የዚህ ቀን ትልቁ ሥራ ቢሲክሌቱንና ጭነቱን መመርመር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ በቅሎ የሚጭን ሰው ከመንደር ወጣ ብሎ መጫኛውን እንደገና ሳያጠብቅ አይሄድም። ቢሲክሌተኛም ከተማውን እንደ ለቀቀ ቆሞ ገመዱን ይሳብ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫን፣ ፍሬኑን ይሞክር። የኮርቻው ከፍታ ደግሞ፣ ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ እግር ጥቂት ብቻ አጠፍ ብሎ የሚቀር እንዲሆን ያስፈልጋል። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት በኩል ይታመማል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለም ከኋላ በኩል ይስባል። በመጀመሪያው ቀን ያልተስተካከለ ኮርቻ በሦስተኛው ቀን ሰውን በእንጨት አስደግፎ ያስሄዳል።

በሁለተኛው ቀን ከሸኖ ደብረ ብርሃን ድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይነዳል። ይህን አጭር ያደረግሁት በምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ድካም በሙሉ የሚሰማው በሁለተኛው ቀን ነውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ላቡ ሳይደርቅ ነፋስ የመታው ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ስለዚህ ማደሪያው እንደ ደረሰ የረጠበውን ልብስ ለውጦ ትኩስ ነገር ይጠጣ።

የእኅቴ ልጅ የሆነ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ዘንድ በሁለት ቀን ለመድረስ አስቦ ተነሥቶ ነበር። ከኮርቻው በስተኋላ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ የብረት ድስት፣ የቡታ ጋዝ ምድጃ፣ ስድስት መጻሕፍትና ለበዓል የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ጭኗል። በአንድ ቀን 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ ከመሸ በኋላ ደብረ ብርሃን ገባ። በማግሥቱ ጉልበቱ ሎሚ የዋጠ መስሎ አበጠ። እንዲያም ሆኖ እያነከሰና እየገፋ በሦስተኛው ቀን ማታ ደብረ ሲና ደረሰ። በዚያ አንዲት ባልቴት ደጃቸው ላይ ተቀምጦ ቢያገኙት፣ የማን ልጅ ነህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ብለው ጠየቁት፤ ከዚያም ወደ ቤት አስገብተው እግሩን በጨው ውሃ አጠቡት፣ ጎመንና እንጀራ አቀረቡለት፣ ሁለት ቀንም አልለቅህም ብለው አስተኙት። ሲነሣም ድስቱንና ምድጃውን፣ መጻሕፍቱንና ሙሉ ልብሱን እርሳቸው ዘንድ ትቶ ሄደ፤ ዕቃው በኋላ በአውቶቡስ መጣለት። በሁለት ቀን እደርሳለሁ ያለው ልጅ አጣዬ የገባው በሰባተኛው ቀን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለውን ከቤት ሳለ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ የተማረው ግን ከጉልበቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ድረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ቀን ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን የጣርማ በርን ከፍታ ማለፍ ግድ ይሆናል። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጉሙም አንዳንድ ቀን አሥር እርምጃ እንኳ አያሳይም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ርዝመቱ 587 ሜትር ነው፤ ጠባብና ጨለማ ስለ ሆነ ቢሲክሌተኛ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ሳያበራ አይግባበት። ከባድ መኪና ሲመጣ ከሰማ መግቢያው ላይ ቆሞ ያሳልፍ። ስቲቨንስ በባቡሩ ዳስ ውስጥ ግድግዳ ተለጥፎ ያሳለፈውን ማሰብ ነው።

በአራተኛው ቀን ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጣርማ በር የተነሣ ሰው እዚህ ሲደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርዷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ የሚጐዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ሳይለቀቅ ለረጅም ጊዜ ከተያዘ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱም ካላማዳሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። የፊትና የኋላ ፍሬን እያፈራረቁ ጠበቅ ለቀቅ ማድረግ፣ በየጊዜውም ቆሞ ማብረድ ያስፈልጋል። በዚህ ቀን ሰውነትም ይደናገጣል፤ ጧት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰው በቀትር ከቆላ ፀሐይ ላይ ይወድቃልና።

በአምስተኛው ቀን ከሸዋ ሮቢት በጀውሃና በሰንበቴ አልፎ አጣዬ ይገባል፤ ይህም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ያለው ጠላት ሙቀት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት መንዳት፣ በቀትር ጥላ ሥር ማረፍ፣ ውሃ ሳይጠማ አስቀድሞ መጠጣት ይገባል። በላብ የወጣውን ለመተካት በውሃው ውስጥ ጥቂት ጨውና ስኳር ቢጨመር ይረዳል። በቆላ የሚያድር ሰው ደግሞ አጐበር አይለየው። የወባ ትንኝ ዛሬ ብትነክስ በሽታው የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በይፋት የተነከሰው ልጅ የሚታመመው ከዘመድ ርቆ ወልድያ ወይም ከዚያ ማዶ ሲደርስ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ትኩሳት የተሰማው መንገደኛ የፀሐይ ነው ብሎ ቸል ሳይል፣ በቆላ ማደሩን ተናግሮ ደሙን ያስመርምር።

የሚጫነው ነገር ሁሉ ከ15 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ፖምፓ፣ መለጠፊያ፣ መፍቻ፣ ጥቂት የሰንሰለት ዘይት፣ መብራት፣ አጐበር፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የዝናብ ልብስ ይበቃል። ስንቁን በተመለከተ እናቶቻችን ከማንም የበለጠ ያውቃሉ። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ወዲያው ይጠጣል፤ ጭኮ ትንሹ ብዙ ያቆያል፤ ዳቦ ቆሎም ሳይበላሽ ይሰነብታል። የሦስት ቀን ስንቅ በቂ ነው፤ በመንገዱ ሁሉ ከተማና ገበያ ስላለ ከዚያ በላይ መጫን ድካም መጨመር ነው።

ስለ ብቸኝነት ደግሞ ጥቂት እናገራለሁ። ሰው ብቻውን በሄደ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ደስታ፣ በሁለተኛው ድካም ይዞት ብቸኝነቱን አያስታውሰውም። በሦስተኛውና በአራተኛው ማታ ግን የቤቱ እሳት፣ የወንድሞቹ ጫወታና የእናቱ ድምፅ ትዝ ይለዋል። ብዙ ሰው የሚመለሰው በዚህ ሰዓት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በማታ ምንም ነገር አለመቍረጥ ነው፤ እመለሳለሁ ብሎ ያሰበ ሰው እንቅልፉን ተኝቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ከዚያ ይወስን። በቤት ያሉትም ስልክ በየሰዓቱ እየደወሉ አያስጨንቁት። በቀን አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ደርሻለሁ የሚል አንድ ቃል እንዲልክ ተስማምተው ይለያዩ። መልእክቱ በቀረ ጊዜም ማንን እንደሚጠይቁ፣ የየቀኑን ማደሪያ ስም በወረቀት ጽፎ ይተውላቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የሚያሳድረው ቤት ነው። በይፋት ቆላ ዐማራውም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አፋሩም በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም በአንድ መንደር ይታያሉ። ክርስቲያኑ አብርሃም፣ እስላሙም ኢብራሂም ብሎ የሚጠራው አባት በሁለቱም ዘንድ እንግዳ በመቀበሉ የታወቀ ነው። መሽቶብኛል፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ ያለ ሰው በዚህ አገር ደጅ ቆሞ ሲያድር ነውር ነበረ።

ይህን ስጽፍ የአጣዬ ሰው ያየውን ሳልዘነጋ ነው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በከተማይቱ በደረሰው ጥፋት ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ቤተ ሰብ ተሰዷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በዚሁ ጎዳና ደርሷል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ቤት የማያውቀውን ሰው ሲያይ ቢጠራጠር የሚፈረድበት አይደለም። ስለዚህ መንገደኛው ራሱ ጥርጣሬውን የማንሣት ግዴታ አለበት። ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሚያውቁ ሰዎች ይጠይቅ፤ አይቻልም ከተባለ እንደ ሃምፍሪስ መንገዱን ይለውጥ ወይም እንደ ደርቭላ ጊዜውን ይጠብቅ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደር ይግባ። ስሙን፣ የመጣበትንና የሚሄድበትን ሳይጠየቅ ይናገር፤ መታወቂያውን ለቀበሌው ያሳይ፤ ያለ ፈቃድም ሰውንና ቤትን ፎቶግራፍ አያንሣ። በቀን የታየና ስሙ የታወቀ እንግዳ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ዕረፍት ይሰጣል።

ባለቤቱ ደግሞ የማይችለውን እንዲያደርግ አይገደድም። አልጋ ባይኖር መደብ፣ መደብ ባይኖር አንድ ጣሳ ውሃና የቀና መንገድ ማሳየት ይቻላል። ማሳደር ቢያስፈራው ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ፣ ወይም ለቀበሌ አስታውቆ በአደራ ያሳድረው። በር ዘግቶ ዝም ከማለት ይህ ይሻላል፤ ዛሬ በእኛ ደጅ የቆመው የሌላ እናት ልጅ ነውና፣ የእኛም ልጅ ነገ በሌላ ሰው ደጅ መቆሙ አይቀርም።

በመጨረሻ ስለ ልጆች እናገራለሁ። በቢሲክሌት አገራችንን ያቋረጡ የውጭ አገር ሰዎች በጻፏቸው መጻሕፍት፣ የሰዉን ደግነት፣ ቡናውንና እንጀራውን ሲያመሰግኑ፣ ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ያነሣሉ፤ ይኸውም የመንገድ ዳር ልጆች የሚወረውሩት ድንጋይ ነው። ይህን ማንበብ ያሳፍራል። ልጆቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። እረኛ ልጅ ከብቱን የሚመልሰው በድንጋይ ስለ ሆነ እጁ የለመደውን ያደርጋል፤ ጓደኞቹም ሲስቁለት ይደግመዋል። በመኪና ላይ ቢወረውር መኪናው ያልፋል፤ ቢሲክሌተኛ ግን ራሱም ጀርባውም የተገለጠ ሰው ነው፤ ዳገት ላይም ሊያመልጥ አይችልም። ትንሽ ጠጠር ዐይን ያጠፋል፤ ቁልቁለት ላይ ያስደነገጡት ሰውም ገደል ይገባል።

ይህ በአገር ልጅም በውጭ አገር ሰውም ላይ የሚደርስ ነውና፣ መድኃኒቱን በየቤታችን እንፈልገው። አባት ልጁን ከብት ይዞ ሲልከው ስለ ማሳው ብቻ አይንገረው፤ መንገደኛ ሲያይ እጁን አንሥቶ ሰላም እንዲል ጭምር ይዘዘው። ድንጋይ ሲወረውር ያየው ጎልማሳ፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ ይጥራው እንጂ ስቆ አይለፍ። መምህራንም በክፍል ቢያነሡት ብዙ ይጠቅማል። መንገደኛውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ልጆች ሲያይ ፍጥነቱን ቀንሶ አስቀድሞ ሰላምታ ይስጥ። ሳንቲም፣ ከረሜላና እስክሪብቶ ግን እየበተነ አይሂድ፤ ዛሬ የበተነው ነገር ነገ ለሚመጣው መንገደኛ ዕዳ ይሆንበታል፤ ልጆቹ ጠይቀው ሲከለከሉ ድንጋይ ያነሣሉና።

እንግዲህ ልጄ ብቻውን በቢሲክሌት ልሂድ ይለኛል፣ ልፍቀድለትን ልከልክለው የምትል እናት ብትኖር፣ ሦስት ነገር እንድትጠይቀው እመክራለሁ። ጭነትህን ጭነህ አንድ ሙሉ ቀን ሞክረኸዋልን? በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀኖች የት የት ታድራለህ? መንገዱ ቢዘጋ ወይም ብትታመም ምን ታደርጋለህ? ለሦስቱም የሚያረካ መልስ ያለው ልጅ ለመንገድ ደርሷል፤ በሶውን አስይዛ፣ መርቃ ትሸኘው። መልስ የሌለው እንደ ሆነ ግን ቢሲክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ጥቂት ወር ቢቆይ ምንም አይጐዳም፤ ደርቭላ መርፊ ከ20 ዓመት በላይ ጠብቃ ሕንድ አገር ገብታለችና። በጎዳናው ዳር የምንኖር ቤተ ሰቦች ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት ልጆቻችንን ሰብስበን ስለ ድንጋዩ ነገር እንምከራቸው።